ጠጅና አገሩ

በአማርኛ ከወይን ፍሬ የሚጠመቀውን መጠጥ «ወይን ጠጅ» እንለዋለን። ቃሉን አዘውትረን ስለምንናገረው ምን እንደሚል ልብ ብለን አንሰማውም። የቋንቋው ባለቤቶች አንድ የክብር መጠጥ ነበራቸው፤ እርሱም ጠጅ ነው። የባሕር ማዶው መጠጥ ወደ ቤታቸው ሲገባ በጠጅ ለክተው «ከወይን የተጣለ ጠጅ» ብለው ሰየሙት። ጠጅ መለኪያው፣ የወይኑ መጠጥ ደግሞ ተለኪው ነበር። ዛሬ ሲያትል ውስጥ ቼሪ ጎዳና ላይ ወይም ሬኒየር ሸለቆ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ወደ አንዱ ገብተን የመጠጡን ዝርዝር ስንገልጥ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። እዚያ ጠጅ «ሃኒ ዋይን»፣ ማለትም የማር ወይን ነው።

በትርጉሙ አልከፋም። እንግዳው ምን እንደሚጠጣ ማወቅ አለበት፤ የአሜሪካም ሕግ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት መጠጡን በሚታወቅ ስም እንዲጠራው ይጠይቃል። የሚያስከፋኝ ከዚያ በታች ያለው ነው። በአንዳንዶቹ ምግብ ቤቶች በዚያው ገጽ ላይ ሁለት ሦስት የኢጣልያ ወይን ጠጆች ተዘርዝረዋል፤ ኪያንቲ፣ ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩጾ፣ ፕሮሴኮ እየተባለ። እያንዳንዱ አገሩን ይዞ ቀርቧል። አንዱ ከቶስካና፣ አንዱ ከአብሩጾ፣ አንዱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፤ የተለቀመበት ዓመት የተጻፈበትም አለ። የቤቱ ጌታ የሆነው ጠጅ ግን በአንድ መስመር፣ አገርም ማርም እጅም ሳይጠቀስለት፣ ከዋጋው ጋር ብቻ ተቀምጧል። በገዛ ቤቱ እንግዳ ከመሆን የማይሻል አቀራረብ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ኢጣልያ ወይን ጠጅ ልዩ ልዩነት የሚያወራውም ስለዚህ ነው፤ ጣልያኖች ያን ልዩነት እንዴት እንዳቆዩት ካየን የእኛ እንዴት እንደጠፋብን ለመረዳት ይቀለናል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢጣልያ 20 ክፍለ ሀገሮች አሏት፤ ወይን የማይተከልበት ግን አንድም የለም። ከአልፕስ ግርጌ እስከ ሲሲሊያ ድረስ ያለው የወይን ዝርያ ብዛት በመንግሥቱ መዝገብ የሰፈረው ብቻ ከ300 በላይ ነው። በፒዬሞንቴ ኔቢዮሎ የሚባለው ወይን ዘግይቶ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ጉም በኮረብቶቹ ላይ ሲተኛ ይለቀማል፤ ስሙም «ኔቢያ» ከሚለው የጉም ቃል መጣ ይላሉ። ከእርሱ የሚጠመቀው ባሮሎ ቀለሙ ገረጣ ያለ፣ ለምላስ ግን አፍ የሚያስር ነው። በቶስካና ሳንጆቬዜ፣ በደቡብ በካምፓኒያና በባሲሊካታ አልያኒኮ፣ በኤትና እሳተ ገሞራ ወገብ ላይ ደግሞ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ድረስ ኔሬሎ ማስካሌዜ ይበቅላል። ከቬሮና አጠገብ ያሉ ገበሬዎች የለቀሙትን ወይን ለወራት አድርቀው እንደ ዘቢብ ካደረጉት በኋላ አማሮኔን ይጠምቃሉ። አንዱ የሌላውን አይመስልም፤ ለመምሰልም አይደክምም።

ይህን ሁሉ የምድርና የአየር ስጦታ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። እኔ አልስማማም። ከዳሎል እስከ ራስ ዳሸን የሚደርስ ከፍታና ዝቅታ ያላት አገር ልጆች የተፈጥሮ ልዩነት ብቻውን ለስም እንደማያበቃ ልናውቅ ይገባናል። የጣልያኖቹ ልዩነት የጽሕፈትና የፊርማ ውጤት ነው። በ1716 የቶስካናው መስፍን ኮዚሞ ሦስተኛ የኪያንቲን፣ የካርሚኛኖን፣ የፖሚኖንና የላይኛውን ቫልዳርኖ ድንበር በአዋጅ ከለለ፤ ከድንበሩ ውጭ የተጠመቀ በዚያ ስም እንዳይሸጥ ከለከለ። መላዋ ኢጣልያ እንዲህ ያለ ሕግ ያገኘችው ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ተኩል ያህል ዓመት ቆይታ በ1963 ነው። በ1966 የሳን ጂሚኛኖው ቬርናቻ በሕጉ መሠረት የመጀመሪያው ባለ ስም ሆነ፤ በ1980 ደግሞ ባሮሎና ብሩኔሎ ከነባልንጀሮቻቸው ወደ ላይኛው ማዕረግ ወጡ። ዛሬ ባሮሎ የሚለውን ስም ለመሸከም ወይኑ ከ11 ቀበሌዎች መሬት መሆን አለበት፤ ከለቀማው በኋላም ከ18 ወር ያላነሰ በእንጨት በርሜል፣ በጠቅላላው ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት። ጠማቂው እነዚህን ሁሉ ካላሟላ ስሙን ያጣል።

ሕጉን እንደ ወንጌል የምሰብክ አይምሰላችሁ፤ ሕግ ሞኝነትንም ያጸናል። ኪያንቲ በ1967 በሕግ ሲከለል ቀዩ ወይን ጠጅ ውስጥ ነጭ ወይን እንዲቀላቀል ግዴታ ነበር፤ ይህም የድሮ አሠራርን ለማክበር ሲባል መጠጡን አቀጠነው። በ1968 ሳሲካያ፣ በ1971 ደግሞ ቲኛኔሎ ከሕጉ ወጥተው «የገበታ ወይን» በሚል ተራ ስም ሲሸጡ፣ ከተከበሩት ባለ ማዕረጎች በላይ ተፈላጊ ሆኑ። ሕጉም በኋላ ወደ ዓመፀኞቹ ተጠጋ፤ ሳሲካያ በ1994 የራሱ ክልል ተሰጠው። እንግዲህ የኢጣልያ ልዩነት አንዴ ተጽፎ የተዘጋ መዝገብ ሳይሆን፣ እየተካሰሱ፣ እየሰረዙና እየደለዙ የሚያቆዩት ክርክር ነው።

ከዚህ ክርክር ውስጥ እንደ ሐኪም የሚመለከተኝ ምዕራፍ አንድ ነው። የሕክምና ትምህርቴን በተከታተልኩባት በቶሪኖ ከተማ፣ ስለ መርዝ የሚያስተምሩ መምህራን ሁሉ አንድ ምሳሌ ነበራቸው፤ የመጋቢት 1986ቱ። የፒዬሞንቴ ጥቂት ነጋዴዎች ርካሽ ወይን ጠጅ ውስጥ የአልኮሉን ዲግሪ ለማሳደግ ሜታኖል ጨመሩበት። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች ዓይናቸው ጠፋ። ሜታኖል ራሱ እንደ ተራ አልኮል ያሰክራል እንጂ ወዲያው አይገድልም፤ ጉበት በሰዓታት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲለውጠው ግን ደሙ ይኮመጥጣል፤ የዓይን ነርቭም ይቃጠላል። ሰውየው ጠጥቶ ይተኛል፤ በማግስቱ «ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» እያለ ይነሳል። መድኃኒቱ ራሱ አስገራሚ ነው፤ ፎሜፒዞል የተባለው ዘመናዊ መድኃኒት በእጅ ከሌለ ሐኪሙ ለበሽተኛው ንጹሑን የመጠጥ አልኮል ይሰጠዋል፤ ጉበት በእርሱ ሲጠመድ መርዙን የመለወጥ ፋታ ያጣልና።

ነገሩን ያነሣሁት ለአስደንጋጭነቱ አይደለም። መርዙ የገባው ከየት እንደመጣ በማይታወቅ፣ በበርሜልና በቦቴ በሚጓዝ፣ ስም አልባ ወይን ጠጅ ውስጥ ስለነበር ነው። ባለ ስሞቹ ጠማቂዎች ከዚያ ምድር ነበሩና ያለ ጥፋታቸው ገበያቸው ወደቀ፤ ስለዚህ ስሙን ማጥበቅ ግድ ሆነባቸው። በ1992 የወጣው አዲስ የወይን ጠጅ ሕግ የዚያ ድንጋጤ ልጅ ነው። የቦታ ስም ለቅምጥሎች ምላስ የተፈጠረ ጌጥ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስታውስ ይጠቀማል። ስም ማለት በመጀመሪያ ደረጃ «ችግር ቢመጣ ማንን እንጠይቅ?» ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነው።

ሲያትልን ወደዚህ ወግ የማስገባት ተጨማሪ ምክንያት አለኝ። ዛሬ የእኛ ሰዎች የሚኖሩበት፣ የሚነግዱበትና የሚያስቀድሱበት ሬኒየር ሸለቆ ከእኛ በፊት የጣልያኖች ሰፈር ነበር። የከተማው ሰው «የነጭ ሽንኩርት ገደል» ብሎ ይቀልድበት ነበር። በ1920 መጠጥ በመላው አሜሪካ ሲከለከል እነዚህ ስደተኞች ከካሊፎርኒያ በባቡር የሚመጣ ወይን እየገዙ በየምድር ቤታቸው ይጠምቁ ነበር። በኋላ የኢንተርስቴት 90 አውራ ጎዳና ሰፈሩን ሰነጠቀው፤ ልጆቻቸው ተበተኑ። በሬኒየር ጎዳና ላይ ወደ መቶ ዓመት ገደማ የቆየው የቦራኪኒ ዳቦ ቤት በ2021 ተዘጋ። ስደተኛ ስደተኛን እንደሚተካ የሚያሳይ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም።

ከእነዚህ ስደተኞች መካከል ብዕር ያነሣው አንጄሎ ፔለግሪኒ ነው። በቶስካና ተወልዶ በ1913 ልጅ ሳለ ወደ ዋሽንግተን ግዛት መጣ፤ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሆኖ ኖረ፤ በ1991 እዚሁ ሲያትል አረፈ። በ1948 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ በአማርኛ «አድልዎ የሌለበት ምላስ» እንደማለት ነው። ወይን ጠጅ እንደ ዳቦ የዕለት ምግብ መሆኑን፣ አትክልቱን ራሱ የሚተክል፣ ወይኑን ራሱ የሚጠምቅ ሰው ከማንም ጌታ እንደማያንስ ይሞግታል። እርሱም ቃሉን በተግባር አሳይቷል፤ የጓሮ አትክልትና የምድር ቤት በርሜል ነበረው፤ ወይኑም ከካሊፎርኒያ ይመጣለት ነበር።

መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ላይ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ፔለግሪኒ ስለ ስምና ስለ ማዕረግ የሚጨነቁትን ቀማሾች ይንቃል። መናቅ የቻለው ሌሎች የአገሩን ስም ሁሉ ጽፈው ስላቆዩለት ነው። ኪያንቲ የሚለውን ቃል ለአሜሪካዊ አንባቢ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ቃሉ ከእርሱ ቀድሞ በገለባ በተጠለፈ ጠርሙስ ተሳፍሮ መጥቷል። ዋንጫ ነው ብርሌ ነው እያለ ጠጅን ከምንጩ ጀምሮ ማስረዳት ያለበት የእኛ ሰው ግን ይህን የመሰለ ንቀት አቅሙ አይፈቅድለትም። ምላስ አድልዎ የማይኖርበት ልዩነቶቹን ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው አለማዳላት ሳይሆን አለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ጠጃችን እንምጣ። ጠጅ ማር፣ ውኃ፣ ጌሾና ጊዜ ነው። ከአራቱ ውስጥ አገርን ይዞ የሚመጣው በዋነኛነት ማሩ ነው። በትግራይ ደጋ ከክረምት ማግሥት ከተበብ አበባ (መንጤሴ ከምንለው) የሚሠራው ማር እንደ ቅቤ ነጭ ነው። በከፋና በሸካ ጫካ ንቦቹ ጌተምን ሲቀስሙ የሚገኘውም ነጭ ነው፤ ጠረኑ ግን የእርጥብ ጫካ እንጂ የደረቅ ተራራ አይደለም። ብሳና ቡናማ ማር ይሰጣል፤ ግራዋ ምሬት ያለበት ማር ይሰጣል። መጭና ኑግ ሲያብቡ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ጎጃምና ሸዋ ቢጫውን ማር ይቆርጣሉ። ባሕር ዛፍ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የራሱን ጨምሯል። የጠጁ መጠሪያ ራሱ ከአገር አገር ይለያያል፤ በትግርኛ ሜስ፣ በኦሮምኛ ዳዺ ነው። ጌሾውም እንጨቱ ከቅጠሉ፣ የደጋው ከወይና ደጋው ይለያል ይላሉ የሚያውቁት ሴቶች። አንድ ጣልያናዊ ሕግ አርቃቂ ይህን ቢሰማ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ሥራ ያገኝ ነበር።

እኛ ግን ይህን ልዩነት የምንጠራበት ቃል አላበጀንም። የጠጅ ቤት አማርኛችን ሀብታም ነው፤ ብርዝ አለ፣ ለስላሳ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ ደረቅ አለ፣ ጉሽ አለ፣ ያልደረሰ አለ፣ የኮመጠጠ አለ፣ አምቡላውም ስም አለው። ሁሉም የሚለኩት የመፍላቱን ደረጃና የጣፋጭነቱን መጠን ነው። አንድም ቃል «ይህ ማር ከወዴት ነው?» የሚል ጥያቄ አይመልስም። ዘፈኖቻችንም ጠጅን ከማወደስ በቀር አይገልጹትም፤ ብርሌውን፣ አሳላፊዋን፣ ስካሩን እንጂ ጣዕሙን አናገኝባቸውም። የጠጅ ሒስ የሚባል ነገር የለንም። መጥፎ ጠጅ የቀመሰ ሰው ብርሌውን አስቀምጦ ይሄዳል፤ በምን ምክንያት መጥፎ እንደሆነ ግን አይጽፍም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ከባድ ነው። በአገራችን ጠጅ ስም አልነበረውም ማለት ሐሰት ነው። ስሙ የቦታ ሳይሆን የእጅ ነበር። «የእትዬ እገሊት ጠጅ» ይባል ነበር፤ ሰውም ሰፈር አቋርጦ ይሄድላት ነበር። ማሩን ከየት እንዳስመጣች፣ ጌሾውን ስንት ቀን እንዳሰነበተች፣ ጋኑን በምን እንዳጠነች የምታውቀው እርሷ ናት፤ ደንበኛው የሚያምነው እጇን ነው። ይህ ፊርማ ነው፤ ከባሮሎው ማኅተም አያንስም። በሕመም ቢነሣ የሚጠየቀው ቤት የታወቀ ነበር። ጣልያኖቹ በመሬት ሲፈርሙ የእኛ እናቶች በእጃቸው ፈረሙ።

ልዩነቱ የታየው ሰው መንገድ ሲጀምር ነው። የቦታ ስም ይጓዛል፤ በወረቀት ተጽፎ መርከብ ይሳፈራል፤ ባለቤቱ ቢሞትም ይኖራል። የእጅ ስም ግን ከሰፈር አይወጣም፤ እትዬ እገሊት ሲያርፉ አብሮ ይቀበራል። ከተማው ሲሰፋ፣ ገጠሩ ሲሰደድ፣ በመጨረሻም እኛ ባሕር ስንሻገር የእጁ ፊርማ ጠፋ፤ የቦታውን ፊርማ ደግሞ ቀድሞም አላስለመድነውም። ስለዚህ በእጃችን የቀረው «ጠጅ» የሚለው ባዶ ቃል ነው። ባዶ ቃል ደግሞ ማንም ይሞላዋል። በአዲስ አበባ ማር ሲወደድ ስኳር የሚጥሉና በቢጫ ቀለም የሚያሳምሩ ቤቶች እንዳሉ ጠጪው ሁሉ ያውቀዋል። ነጋዴውም የብዙ ወረዳ ማር በአንድ በርሜል ገልብጦ «የጠጅ ማር» ብሎ ይሸጣል፤ ነጩና ቡናማው፣ ጣፋጩና መራራው እዚያ ይተዋወቃሉ። በ2001 ታትሞ የወጣ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት ከየቤቱ በተሰበሰበ ጠጅ ውስጥ ያለው አልኮል ከ3 በመቶ ካነሰው አንስቶ ከ20 በመቶ እስካለፈው ድረስ እንደሚለያይ አሳይቷል። ለሐኪም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ብርሌ ከቢራ የቀለለ፣ ሌላው ከማንኛውም ወይን ጠጅ የከበደ ሆኖ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። «ስንት ጠጣህ?» ብዬ የምጠይቀው በሽተኛ «ሁለት ብርሌ ጠጅ» ሲለኝ ምንም አልነገረኝም ማለት ነው።

በስም መሟገት የማንችል ሰዎች እንዳልሆንን የሚያሳይ ምስክር ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲያትል የሆነው ስታርባክስ ደግሞ ቀደም ብሎ በ2004 «ሽርክና» የሚል የገዛ ቃላችን የተቀላቀለበትን የሲዳሞ ቡና ስም ሊያስመዘግብ አመልክቶ ነበር። በ2006 ኦክስፋም ነገሩን ወደ አደባባይ አወጣው፤ በ2007 ሰኔ ወር ስምምነት ተፈረመ፤ የስሞቹ ባለቤትነት ታወቀ። በዚያ ክርክር ወቅት ከስታርባክስ በኩል የቀረበው ሐሳብ «የንግድ ምልክቱን ትታችሁ እንደ ወይን ጠጅ ሁሉ የትውልድ ቦታ ማረጋገጫ አውጡ» የሚል ነበር። የእኛ ሰዎች አልተቀበሉትም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር አነስተኛ ገበሬ በየማሳው እየዞሩ መቆጣጠር አይቻልም፣ የቁጥጥሩንም ወጪ የሚሸከመው ድኻው ነው አሉ። ለጊዜው መልሳቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። የንግድ ምልክት ስሙን ከሌባ ይጠብቃል እንጂ ስሙ ምን ማለት እንደሆነ አይናገርም። ይርጋ ጨፌ የሚለውን ስም አተረፍን፤ ይርጋ ጨፌ የሚባለው ቡና በየትኛው ከፍታ፣ በምን አዘገጃጀት መሠራት እንዳለበት ባሮሎ እንደሚናገረው የሚናገር ጽሑፍ ግን ከዚያ ስምምነት አልወጣም። ይባስ ብሎ በ2008 የምርት ገበያው ሲቋቋም የየማኅበሩ ቡና በደረጃ እየተመደበ በአንድ ክምር ሲደባለቅ ኖረ፤ ገበሬውን ከጠጪው ጋር የሚያገናኘው ክር ተበጠሰ። ክሩን ለመቀጠል ደንቡ የተሻሻለው በ2017 ነው። ለቡና እንዲህ ከተጨነቅን፣ ለጠጅ አንድ ቀን እንኳ አለመጨነቃችን ያስገርማል። የውጭ ምንዛሪ የሌለው ነገር ክርክር የማይገባው ይመስለናል።

ስለ አገራችን ወይን ጠጅም አንድ ቃል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱሚት እያለ ትውልድ አሳልፏል፤ በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ መካከል የዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ስም ያለበት የኢንቨስትመንት ድርጅት ይገኝ ነበር። በዝዋይ ወይን የተከለው የፈረንሳዩ ካስቴል ደግሞ በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን አወጣ፤ «ስምጥ ሸለቆ» በሚል ስም፣ የወይኑን ዝርያ ከፊቱ ጽፎ። ጣዕሙን በተመለከተ ጥሩ የሚሆንበት ዓመት አለ ከማለት አላልፍም። ልብ የምለው ግን መጤው ወይን ጠጅ በራሳችን ምድር ላይ በጥቂት ዓመት ውስጥ አገሩንና ዘሩን የሚናገር ወረቀት ሲለጠፍለት፣ ባለ አገሩ ጠጅ እስካሁን እየጠበቀ መሆኑን ነው።

ማራችንንስ የጻፈው ማነው? ጣልያኖች ናቸው። በዚያች የሜታኖል ዓመት፣ በዚያው በፒዬሞንቴ፣ ብራ በምትባል ከተማ ካርሎ ፔትሪኒና ጓደኞቹ የጀመሩት እንቅስቃሴ በኋላ «ስሎው ፉድ» ተብሎ ዓለምን ዞረ። ከሚንከባከባቸው ምግቦች ዝርዝር ውስጥ የትግራይ ነጭ ማርና የወንጪ እሳተ ገሞራ ማር ይገኛሉ። አበባውን፣ የሚቆረጥበትን ወር፣ ቀፎውን፣ ጣዕሙን ጽፈውታል። አመሰግናቸዋለሁ፤ እየተቆጨሁ አመሰግናቸዋለሁ። በ2020 በጀመረው ጦርነት በትግራይ ከሰው ሕይወትና ከሆስፒታሉ ጋር ቀፎውም ወድሟል። ከሰው አጠገብ ስለ ንብ ማውራት ሊያሳፍር ይችላል። ቢሆንም ከጦርነት በኋላ «እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ነበር» ብሎ መመስከር የሚችለው ቀድሞ የተጻፈለት ነገር ብቻ ነው። ያልተጻፈላቸው የወሎና የጎንደር፣ የወለጋና የአርሲ ማሮች ምን ያህሉ እንደተረፉ በምን መዝገብ እናመሳክራለን?

እስከዚያው እኛ ሲያትል ያለነው የምንሠራው አለ። ከ1978ቱ ሕግ ወዲህ በአሜሪካ አንድ ቤተሰብ ለራሱ መጠጫ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ወይን ጠጅ መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ምርጡ ጠጅ በየቤቱ፣ ለሠርግና ለክርስትና ይጣላል፤ ምግብ ቤት የሚቀርበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ግዛት በጠርሙስ የመጣ፣ ጌሾው የሳሳ፣ ስኳሩ የበዛ ነው። ይህን የጠርሙስ ጠጅ «የአገር ቤት ጣዕም» እያሉ ማቅረብ በእኔ አስተያየት ተገቢ አይደለም። ማሩ ከአገር ቤት አልመጣም፤ ጌሾው ብቻ ነው የመጣው።

ታዲያ ማሩ የት ነው ያለው? ከካስኬድ ተራሮች ምዕራብ፣ ደን ተቆርጦ ወይም ተቃጥሎ ባዶ በቀረ ምድር ላይ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው «ፋየርዊድ»፣ የእሳት አረም የሚሉት ተክል ይነሣል። በ1980 የሴንት ሄለንስ ተራራ ፈንድቶ አመዱ ሁሉን ሲቀብር ቀድመው ከበቀሉት አንዱ እርሱ ነበር። የዚህ ግዛት ንብ አርቢዎች ቀፎአቸውን ተሸክመው በበጋ ወደዚያ ይወጣሉ። ማሩ ውኃ ሊመስል የቀረበ ገረጣ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይላል። ከእርሱ የተጣለ ጠጅ በአንድ ወዳጄ ቤት ቀምሻለሁ። ቀለሙ የለመድነው ቢጫ ባለመሆኑ እንግዶቹ «ውኃ በዝቶበታል» እያሉ ጠረጠሩት፤ ነገር ግን ማሩ ዝምተኛ ስለሆነ የጌሾው ምሬት እንደዚያ ጠርቶ ሲወጣ በሌላ ጠጅ ላይ አላየሁም። ደረቅ ነበር፤ ጥርት ያለ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ወይራ ጢስ ያለ ነገር ጥሎ የሚሄድ። የጎጃም ጠጅ አይደለም፤ የሲያትል ጠጅ ነው፤ ፔለግሪኒ በካሊፎርኒያ ወይን የጠመቀው የሲያትል እንደነበረ ሁሉ።

ባለቤቲቱን ለሚቀጥለው ጊዜ በጠርሙሱ ላይ ወረቀት እንድትለጥፍበት ለመንኳት፤ እሺ ብላ አብረን ልንጽፍ ተቀመጥን። ማሩ ከየትኛው ተራራ፣ ከምን አበባ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ ጻፍን፤ የተጣለበትን ቀንና የጠለለበትን፣ ከታችም የጣለችውን እጅ ስም። ጌሾ በሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ከረጢቱን አገላብጠን አየነው። ከሱቅ የገዛችው ነው። ክብደቱና «የኢትዮጵያ ምርት» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ የየት አገር ጌሾ እንደሆነ ግን አይናገርም። ባለ ሱቁን ብትጠይቀው አዲስ አበባ ካለ ጅምላ ሻጭ እንደመጣለት ነገራት፤ ጅምላ ሻጩን እንድትጠይቅለት ቁጥሩን ሰጥቷታል።